ብረት ጠቋሚ መሣሪያ ይዞ የወጣ ሰው ለምን ባዶ እጁን ይመለሳል?

(በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ባደረጉት የቅዳሜ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከወላጆቻችሁ ጋር የመጣችሁ ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ? ይህን መድረክ ላዘጋጃችሁና የዕረፍት ቀናችሁን ትታችሁ ለመጣችሁ ሁሉ ምስጋናዬ የከበረ ነው።

እንድናገር የተጋበዝሁት በባሕር ዳርቻና በጥንታዊ የእርሻ ማሳዎች ላይ በብረት ጠቋሚ መሣሪያ፣ ብዙዎቻችሁ ሜታል ዲቴክተር በምትሉት፣ ስለሚደረገው ፍለጋ ነው። አዘጋጆቹ በተለይ ስለ ሥራው ፈተና እንድናገር ጠይቀውኛል፤ በዚህም ደስ ብሎኛል። በመካከላችን መሣሪያውን በጉጉት ገዝተው አንድ በጋ እንኳ ሳይጠቀሙበት ጓዳ ውስጥ የጣሉት ብዙ ናቸው። ለምን ጣሉት? ወርቅ አገኛለሁ ብለው ወጥተው ቆርኪ ስላገኙ ነው። ታሪክ ያለው ሳንቲም አገኛለሁ ብለው ወጥተው የዛገ ምስማር ስላገኙ ነው። ቆርኪው ለምን እንደ ወርቅ እንደ ጮኸ የነገራቸው ሰው ስለሌለ ደግሞ ጥፋቱን ወይ በመሣሪያው ላይ ወይ በዕድላቸው ላይ አሳበቡ። እኔ ዛሬ የምላችሁ ነገር አንድ ነው፦ በዚህ ሥራ ላይ ተስፋ የሚያስቆርጠን ነገር ሁሉ የሚታወቅ ምክንያት አለው። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ሥራውን አይተውም፤ አቋራጭ ፍለጋም ሕግ አይጥስም።

ይህ ብስጭት ከመሣሪያው ጋር አብሮ የተወለደ መሆኑን በታሪክ ላሳያችሁ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በዋሽንግተን ባቡር ጣቢያ በጥይት ተመቱ። ጥይቱ በሰውነታቸው ውስጥ የት እንደተቀመጠ ሐኪሞቹ ሊያውቁ አልቻሉም። በስልክ ፈጠራው የምናውቀው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ብረታ ብረትን በድምፅ የሚጠቁም መሣሪያ ሠርቶ ከታማሚው አልጋ አጠገብ ቀረበ። መሣሪያው በሙከራ ጊዜ በትክክል ይሠራ ነበር፤ በፕሬዚዳንቱ ላይ ሲሞከር ግን ጥይቱን ማግኘት አልቻለም። ምክንያቱ ምን ነበር? ፕሬዚዳንቱ የተኙበት ፍራሽ የብረት ሽቦዎች ነበሩት፤ እነዚያ ሽቦዎች ምልክቱን አወኩት። ከዚህም በላይ ዋናው ሐኪም ጥይቱ በቀኝ በኩል ነው ብለው ስላመኑ ፍለጋው በቀኝ በኩል ብቻ እንዲደረግ ፈቀዱ፤ ጥይቱ የነበረው ግን በግራ በኩል ነበር። ጋርፊልድ መስከረም 19 ቀን አረፉ። ልብ በሉ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ የነበሩት ሁለት ችግሮች፣ ማለትም በአካባቢው ያለ ሌላ ብረትና ፍለጋው በተሳሳተ ቦታ መደረጉ፣ ዛሬም በየባሕር ዳርቻውና በየማሳው የምናገኛቸው ናቸው።

ንግግሬን በሦስት ከፍዬ አቀርባለሁ። መጀመሪያ ስለ መሣሪያው፣ ቀጥሎ ስለ ባሕር ዳርቻ፣ በመጨረሻም ስለ ጥንታዊ ማሳዎች። ሦስተኛው አብልጦ የሚያሳስበኝ ስለሆነ እዚያ ላይ ብቆይ ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ።

አንደኛ፣ መሣሪያው። ከታች ያለው ክብ አካል ውስጡ ጥቅል ሽቦ ነው። በሽቦው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ወደ መሬት መግነጢሳዊ መስክ ይልካል፤ መስኩ በተቀበረው ብረታ ብረት ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሰት ያስነሣል፤ ያ ፍሰትም በተራው የራሱን መስክ መልሶ ይልካል። መሣሪያው የተመለሰው ምልክት ከላከው ምን ያህል እንደዘገየና እንደተለወጠ ለክቶ በመስኮቱ ላይ አንድ ቁጥር ያሳየናል። እንግዲህ ልብ ብላችሁ አድምጡኝ፤ ያ ቁጥር “ይህ ወርቅ ነው” ወይም “ይህ ቆሻሻ ነው” አይልም። የሚነግረን ዕቃው ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ነው፤ ይህም በተሠራበት ብረታ ብረት ብቻ ሳይሆን በመጠኑ፣ በቅርጹና በውፍረቱ ይወሰናል። ስለዚህ ቀጭን የወርቅ ቀለበትና የለስላሳ ጣሳ መክፈቻ አንድ ዓይነት ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ። ቀጭን የአንገት ሐብልና የተጨማደደ ፎይልም እንዲሁ። አንድ ሻጭ ለአንድ ወዳጄ “ይህን ቁልፍ ከተጫንህ ቆሻሻውን ትቶ ወርቁን ብቻ ይነግርሃል” ብሎት ነበር። ወዳጄ ቁልፉን ተጭኖ ወራት ሙሉ በየዳርቻው ዞረ፤ ጣሳ መክፈቻዎቹ ዝም አሉ፣ ቀለበቶቹም አብረው ዝም አሉ። ማንም ሐቀኛ ሰው እንዲህ ያለ ቃል ሊሰጣችሁ አይችልም።

ሁለተኛው የመሣሪያው ችግር መሸፋፈን ነው። አንድ የብር ሳንቲም ከዛገ ምስማር አጠገብ ቢቀበር፣ የብረቱ ምልክት የሳንቲሙን ምልክት ይውጠዋል፤ ጮክ ብሎ በሚናገር ሰው አጠገብ የቆመ ዝግ ያለ ተናጋሪ እንደማይሰማ ማለት ነው። ሰፊ ጥቅል ሽቦ በጥልቀት ያያል፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ዕቃዎችን ስለሚያይ መሸፋፈኑ ይብሳል። ትንሹ ደግሞ ዕቃን ከዕቃ ይለያል፤ ጥልቀቱ ግን ያንሳል። ሁለቱን በአንድ የሚሰጥ ጥቅል እስካሁን አላየሁም። ስለ ጥልቀትም ልንገራችሁ፦ በተለመዱት መሣሪያዎች የአንድ ሳንቲም ያህል መጠን ያለው ዕቃ በደህና መሬት ላይ የሚሰማው እስከ 20 ወይም 25 ሳንቲ ሜትር ድረስ ነው። ሁለት ሜትር ያያል የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ገንዘባችሁን ያዙ።

ወደ ባሕር ዳርቻ ልለፍ። የባሕር ዳርቻ በሁለት ይከፈላል፤ ደረቁ አሸዋና እርጥቡ አሸዋ። በደረቁ አሸዋ ላይ ጠላታችን ቆሻሻ ነው፦ ቆርኪ፣ ፎይል፣ የድንኳን ካስማ፣ የርችት ሽቦ። በእርጥቡ አሸዋ ላይ ግን ጠላታችን ራሱ ባሕሩ ነው። የጨው ውኃ ኤሌክትሪክን ያስተላልፋል፤ ስለዚህ በአንድ ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) ብቻ የሚሠራ ርካሽ መሣሪያ እርጥብ አሸዋን እንደ ብረታ ብረት ቆጥሮ ያለማቋረጥ ይጮኻል። ሰውየው ይቆፍራል፣ ምንም የለም፤ እንደገና ይቆፍራል፣ አሁንም የለም። ይህን ለመቋቋም በአንድ ጊዜ በብዙ ድግግሞሽ የሚሠሩ መሣሪያዎች አሉ፤ መስኩን ያለማቋረጥ ሳይሆን በአጭር በአጭር ምት የሚልኩ፣ ፐልስ ኢንዳክሽን የሚባሉትም አሉ። ፐልስ ኢንዳክሽን ጨውንና ማግኔታይት የተባለ የብረት ማዕድን ያለበትን ጥቁር አሸዋ በደንብ ይቋቋማል፤ ጥልቀትም አለው። ዋጋው ግን ምስማርን ከቀለበት ለይቶ አለማወቁ ነው፤ የጮኸውን ሁሉ መቆፈር የግድ ነው።

ሌላው የዳርቻው አስቸጋሪ ነገር አሸዋው ራሱ ተጓዥ መሆኑ ነው። በበጋ ጸጥ ያሉ ማዕበሎች አሸዋ እያመጡ ይቆልላሉ፤ የወደቁት ዕቃዎችም ከመሣሪያው አቅም በታች ይቀበራሉ። በክረምት ዐውሎ ነፋሱ ሲነሣ አሸዋውን ጠርጎ ይወስደዋል፤ ከበድ ያሉ ዕቃዎች የሚጋለጡት ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ በሚዋኝበት በነሐሴ ወር ባዶ የነበረ ዳርቻ በጥር ወር ከዐውሎ ነፋስ በኋላ ሌላ ዳርቻ ይሆናል። የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ሰንጠረዥ ሳይመለከት ሁለት ሰዓት መኪና ነድቶ፣ ሲደርስ ባሕሩ እስከ ግንቡ ሞልቶ የሚያገኝ ሰው ስንት ነው? ሙላቱ በየቀኑ በሃምሳ ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ፣ ባለፈው ቅዳሜ የሠራ ሰዓት በዚህ ቅዳሜ አይሠራም። ባሕሩ እጅግ ርቆ የሚሸሸው ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወለድ በሚኖሩት ቀናት አካባቢ ነው፤ የዕረፍት ፈቃዳችሁን በእነዚያ ቀናት አካባቢ ጠይቁ።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። አንዲት እኅታችን በበጋ ቀን ከልጆቿ ጋር ባሕር ዳር ውላ የጋብቻ ቀለበቷ እንደጠፋ አየች። እናቷ በሠርጓ ቀን ያደረጉላት ቀለበት ነበር፤ እናቷ አርፈዋል። ደውላልኝ በማግስቱ ሄድሁ። “እዚህ ነው፣ ከዚህች ቦታ አልወጣሁም” አለችኝ፤ ያመለከተችኝን ቦታ በመስመር በመስመር አድርጌ ፈተሽሁት፤ ቆርኪና ፎይል ብቻ ወጣ። ተስፋ ቆርጣ ማልቀስ ጀመረች። በጊዜ ብዛት ያስተዋልሁትን ነገር ያን ዕለት አስታወስሁ፤ ሰው የሚያመለክተው ዕቃው የጠፋበትን ሳይሆን መጥፋቱን ያወቀበትን ቦታ ነው። ስለዚህ “ቁጭ በይና የዋልሽበትን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ንገሪኝ” አልኋት። ምንጣፍ ማንጠፏን፣ ልጆቹን ቅባት መቀባቷን፣ በኋላም ነፋስ ሲነሣ ምንጣፉን ወደ ግንቡ ማዛወሯን ነገረችኝ። ቅባት! እጅ በቅባት ሲያሙለጨልጭ ቀለበት ይወልቃል። ምንጣፉ መጀመሪያ ተነጥፎበት የነበረውን ቦታ ጠይቄ ሄድሁ። ቁጥሩ የጣሳ መክፈቻ ቁጥር ነበር፤ ቀለበቱ ግን በወንፊቱ አካፋ ውስጥ አሸዋው ሲረግፍ ታየ። ያን ቁጥር ንቄ ባልፍ ኖሮ ቀለበቱ አሁንም እዚያው ይሆን ነበር።

ስለ ፈቃድ አጭር ነገር። በእንግሊዝ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ ባሕሩ ሲሞላ የሚሸፍነው ሲጎድል የሚገልጠው መሬት ግማሽ ያህሉ የዘውዱን ይዞታ በሚያስተዳድረው ድርጅት በክራውን እስቴት ሥር ነው፤ በዚያ ላይ ለመፈለግ የግል ፈቃድ ወረቀት አይጠየቅም። ሌላው ግን የማዘጋጃ ቤት፣ የግል ወይም የሌላ ድርጅት ይዞታ ሊሆን ይችላል፤ ማጣራት የእናንተ ኃላፊነት ነው። ለንደን ውስጥ በቴምዝ ዳር ያለ ፈቃድ መፈለግ ክልክል ነው። ከሰጠመ መርከብ የመጣ ዕቃ ካገኛችሁ ደግሞ በ28 ቀን ውስጥ ለሚመለከተው የመንግሥት ባለሥልጣን ማሳወቅ ግዴታ ነው።

አሁን ወደ ማሳው እንግባ። ይህች አገር እ.ኤ.አ. ከ43 እስከ 410 ገደማ የሮማውያን ግዛት ነበረች። ከእነሱም በፊት በኋላም ሰው አርሶባታል፣ ገበያ ቆሞባታል፣ ጦር ሰፍሮባታል። ማረሻ በየዓመቱ መሬቱን ሲገለብጥ ያንን ሁሉ ትራፊ ያወጣል። ታዲያ እንዲህ ባለ መሬት ላይ ሰው ለምን ባዶ እጁን ይመለሳል?

አንዱ ምክንያት ጊዜ ነው። አዝመራው ቆሞ ሳለ ማሳ አይገባም፤ ፍለጋው የሚሆነው ከአጨዳ በኋላ እስከ ቀጣዩ ዘር ድረስ ባለች ጠባብ ጊዜ ነው። ዝናብ ሲበዛ ጭቃው ከጫማ አይላቀቅም፤ ድርቅ ሲሆን ምድሩ እንደ ሸክላ ይጠነክራል። ሌላው ምክንያት ራሱ ታሪክ ነው፤ ሰው የኖረበት ማሳ በምስማር፣ በአደን ጥይት የናስ ቀለህ፣ በእርሳስ ቁርጥራጭ የተሞላ ነው። በእንፋሎት ሞተር ዘመን የተጣለው የድንጋይ ከሰል ቃጠሎ ትራፊ እንኳ ብረታ ብረት ባይሆንም እንደ ወርቅ ይጮኻል። እነዚህን ሁሉ ሰው ይለምዳቸዋል።

የማልለምደው አንድ ነገር ግን አለ፤ ስለ እሱ ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም። በየቤታችን ደጃፍ ላይ ሣርና ቅጠል የምንጥልበት ቆሻሻ መያዣ አለ። ያ ሣርና ቅጠል ተሰብስቦ፣ ተፈጭቶ፣ ወደ ብስባሽ ተለውጦ በእርሻ ላይ ይበተናል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ አፈሩን ያበለጽጋል። ነገር ግን በውስጡ ሰው በግድየለሽነት የሚጥለው ጣሳ፣ ባትሪ፣ ፎይልና የዕቃ ክዳን አብሮ ይፈጫል። ውጤቱ ምንድን ነው? በአሥር ሺህ የሚቆጠር የአሉሚኒየም ፍርፋሪ በማሳው ላይ ይበተናል፤ ማረሻው ወደ ውስጥ ይቀላቅለዋል፤ ማንም መልሶ ሊለቅመው አይችልም። ለዓመታት የምሄድበት አንድ ማሳ ነበር። ከዚያ ማሳ የሮማውያን የነሐስ ሳንቲሞች፣ የመካከለኛው ዘመን ቁልፎችና የቀበቶ ማያያዣዎች ወጥተው ተመዝግበዋል፤ ከየትኛው ጥግ ምን እንደወጣ በካርታ ላይ ሲታይ መንገዱ የት እንደነበር፣ ቤቶቹ የት እንደቆሙ መገመት ይቻል ጀምሮ ነበር። አንድ መከር ላይ ስመለስ ጥቁር ብስባሽ ተበትኖበት አገኘሁት። መሣሪያውን ከፈትሁት፤ ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምሮ አላቆመም። የሰማያዊ ጣሳ ስባሪ፣ የባትሪ ቅርፊት፣ ቀጭን የተቆራረጠ ፎይል፤ ከእግሬ ሥር እስከ አጥሩ ድረስ። የእርሻው ባለቤት ደግ ሰው ናቸው፤ እሳቸውም የተነገራቸው ንጹሕ ማዳበሪያ መሆኑ ነበር፤ ሲያዩት እጅግ አዘኑ። ያ ማሳ ለታሪክ ተዘግቷል። እባካችሁ፣ ይህን የምትሰሙ ሁሉ፣ በሣር መያዣው ውስጥ ሣር ብቻ ጣሉ። ልጆቻችሁንም አስተምሩ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው መሰናክል የባለቤቱ ደጃፍ ነው። በግል መሬት ላይ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መፈለግ አይቻልም፤ በሕግ በተከለሉ ጥንታዊ ሥፍራዎች ደግሞ ባለቤቱ ቢፈቅድም ያለ ልዩ የመንግሥት ፈቃድ ወንጀል ነው። ፈቃድ መለመን ከባድ ነው፤ ለእኛ መልክና ለእኛ አነጋገር ደግሞ አንዳንድ በር ቶሎ ይዘጋል። ይህን አልደብቅም፤ ተዘግቶብኛል። ነገር ግን ገበሬው የሚፈራበት እውነተኛ ምክንያትም አለው። በሌሊት ገብተው ጉድጓድ ቆፍረው፣ አዝመራ ረግጠው የሚሄዱ ሌቦች አሉ። እነሱ የዘጉትን በር ለመክፈት እኔና እናንተ ደብዳቤ ጽፈን፣ ራሳችንን አስተዋውቀን፣ የሚገኘው ሁሉ ለባለቤቱ እንደሚታይ ቃል ገብተን፣ ጉድጓዱን ሁሉ ደፍነን፣ የለቀምነውን ቆሻሻ ተሸክመን መውጣት አለብን። እኔ ለገበሬዎች ከወርቅ ይልቅ ያሳየኋቸው የሰበሰብሁትን የአጥር ሽቦ ነው፤ ከብቶቻቸውን ከጉዳት ስለሚያድን አመስግነውኛል።

ስለ ሕጉም በአጭሩ። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው የቅርስ ሀብት ሕግ መሠረት፣ ከ300 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የወርቅ ወይም የብር ዕቃና በአንድ ላይ የተገኙ ጥንታዊ ሳንቲሞች በ14 ቀን ውስጥ ለሚመለከተው ባለሥልጣን ይነገራሉ፤ ከ2023 ጀምሮ ልዩ ታሪካዊ ጠቀሜታ ያላቸው፣ ከ200 ዓመት በላይ የሆናቸው ሌሎች የብረታ ብረት ዕቃዎችም ተጨምረዋል። በሕግ የማይጠየቀውንም በፈቃደኝነት የሚመዘግብ መርሐ ግብር ከ1997 ጀምሮ አለ፤ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ዕቃዎች ተመዝግበውበታል። “ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ያገኘሁትን ለምን እሰጣለሁ?” የሚል ጥያቄ ከናንተ መካከል እንደሚነሣ አውቃለሁ።

ሁለት ታሪኮችን አስተያዩ። እ.ኤ.አ. በ1992 በሰፎክ አውራጃ በሆክስን መንደር ኤሪክ ሎውስ የተባሉ ጡረተኛ የገበሬ ወዳጃቸውን የጠፋ መዶሻ በመሣሪያ ሲፈልጉ የሮማውያን ወርቅና ብር አገኙ። ሁሉንም ቆፍረው አላወጡም፤ ለባለሥልጣን አስታወቁ። ባለሙያዎች በማግስቱ በሥርዓት ቆፍረው ወደ 15,000 የሚጠጉ ሳንቲሞችን ከማንኪያዎችና ከጌጣጌጥ ጋር አወጡ፤ ዕቃዎቹ በሣጥን ውስጥ እንዴት ተደርድረው እንደነበረ ሳይቀር ታወቀ። ሎውስ 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ተሰጣቸው፤ ከገበሬው ጋር ተካፈሉት። መዶሻውም በብሪቲሽ ሙዚየም ተቀምጧል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2015 በሄርፎርድሻየር ሁለት ሰዎች የቫይኪንጎችን ዘመን ሀብት አግኝተው ደበቁ። 300 ያህል ሳንቲሞች እንደነበሩ ይገመታል፤ በ2019 ለረጅም ዓመታት እስራት ሲፈረድባቸው ከእጃቸው የተመለሰው ጥቂቱ ብቻ ነበር። ከተገኙት መካከል የጥንቶቹን የእንግሊዝ መንግሥታት ነገሥታት፣ የዌሴክሱን አልፍሬድንና የመርሲያውን ቼልዉልፍን፣ ኅብረት የሚያሳዩ ሳንቲሞች አሉ፤ ከታሪክ መዝገብ ሊፋቅ የነበረው ቼልዉልፍ በእነዚያ ሳንቲሞች ተመልሶ ቦታውን አገኘ። የጠፉት ምን ይነግሩን ነበር? ማንም አያውቅም።

በመጨረሻ፣ ብዙ ጊዜ የምጠየቀውን አንድ ነገር ልመልስ፤ “መሣሪያውን ይዤ አገር ቤት ብሄድስ? በአክሱም አካባቢ ስንት ነገር አለ!” ይሉኛል። ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ አታድርጉት። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ መፈለግና መቆፈር ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ በአጋጣሚ ያገኘ ሰውም ወዲያውኑ ማሳወቅ አለበት። አክሱም በወርቅ፣ በብርና በመዳብ የራሷን ገንዘብ የቀረጸች አገር ናት፤ አንዳንድ ነገሥታቷን የምናውቃቸው በሳንቲሞቻቸው ብቻ ነው። ከአፈሩ በዘፈቀደ የተነቀለ ሳንቲም የት፣ ከምን ጋር፣ በየትኛው ንጣፍ እንደነበር መናገር አይችልም። እዚያ ማገልገል የሚፈልግ ሰው ከዩኒቨርሲቲዎችና ከቅርስ ባለሥልጣኑ ጋር ተነጋግሮ፣ በተፈቀደ ቁፋሮ ሥር ሆኖ ያግዝ።

ከዚህ በኋላ መሣሪያዎቹን በጎን ባለው ጠረጴዛ ላይ አሳያችኋለሁ። ቀለበት፣ ጣሳ መክፈቻና ቆርኪ በአሸዋ ሣጥን ውስጥ ቀብሬአለሁ፤ ልጆች መጀመሪያ እናንተ ኑ፤ ድምፁን ስሙ፣ ቁጥሩን ጻፉ፣ ከዚያ ቆፍሩ። ስለ ፈቃድ ደብዳቤ አጻጻፍ መጠየቅ የምትፈልጉ ከሻዩ በፊት አግኙኝ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።